ፕላኔቶችን ከምህዋር ለማጥናት የሚያገለግሉ ስያሜዎች፦ ከነገሌ ቦረና እስከ ማርስ

በማርስ ደቡባዊ ንፍቀ ክበብ ነገሌ የሚባል ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ስሙ የተወሰደው ከነገሌ ቦረና ነው። ሜጋ፣ ጎባና ጅጅጋም እንዲሁ በማርስ ካርታ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። ይህ የሆነው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በሚከተለው ደንብ መሠረት ነው፤ ይኸውም በማርስ ላይ ያሉ አነስተኛ ጎድጓዳዎች የሕዝባቸው ቍጥር ከ100,000 በታች በሆነ የዓለም ከተሞችና መንደሮች ስም እንዲጠሩ የሚያዝዝ ነው። ስያሜው ከተሞቹን ለመዘከር የታሰበ አይደለም፤ የስም ምንጭ መሆናቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ የነገሌ መምህር ይህንን ለተማሪዎቹ በአማርኛ ሊያስረዳ ቢነሣ ምን ዓይነት ቃላት ያገኛል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዐለታማ ፕላኔቶችን ከምህዋር ሆኖ የማጥናት ሙያ በአማርኛ ሲነገር፣ ቃሎቻችን ከአንዲት ፕላኔት፣ ከምድር፣ ጋር ምን ያህል የተቈራኙ እንደ ሆኑ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ አከራካሪ የሆኑትን ስያሜዎች አንድ በአንድ እያነሣን አስተያየታችንን እናቀርባለን።

ሀ. ምህዋርና ዛቢያ

«ምህዋር» ከግእዙ «ሖረ» (ሄደ) የወጣ ሲሆን መሄጃ፣ መንገድ ማለት ነው። አንድ አካል ሌላውን እየዞረ የሚጓዝበትን መስመር ለማመልከት መመረጡ የተገባ ነው። «ዛቢያ» ግን አካሉ በራሱ ላይ ሲሽከረከር የሚዞርበት እምብርታዊ መስመር ነው። ሁለቱን ማቀያየር በትርጕም ሥራዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው። በኅዳር 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) ማሪነር 9 የተባለችው መንኰራኵር ከምድር ሌላ ፕላኔትን በመዞር የመጀመሪያዋ ሆነች፤ የገባችው ወደ ማርስ ምህዋር እንጂ ወደ ዛቢያዋ አይደለም። «የማርስ ምህዋር» የሚለው ሐረግ ራሱ ሁለት ፍቺ እንዳለው ልብ ይሏል፤ ማርስ ፀሐይን የምትዞርበትም፣ መንኰራኵር ማርስን የምትዞርበትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለተኛውን ሲፈልግ «በማርስ ዙሪያ ያለ ምህዋር» ብሎ ቢለይ ይመረጣል።

ለ. ገጽና ገጸ ምድር

ማሪነር 9 ማርስ ዘንድ ስትደርስ ፕላኔቷ በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ነበር። አቧራው እስኪረጋ ከጠበቀች በኋላ ከ7,000 በላይ ሥዕሎችን ላከች። እነዚህ ሥዕሎች ያሳዩትን ብዙ ጸሐፊዎች «የማርስ ገጸ ምድር» ይሉታል። ቃል በቃል ሲፈታ «የማርስ የምድር ፊት» ማለት ነው። በዕለታዊ ንግግር ምድርና መሬት እግር የሚረግጠውን ሁሉ ስለሚያመለክቱ አነጋገሩ አያስነውርም። ሁለት ፕላኔቶች በሚነጻጸሩበት ጽሑፍ ውስጥ ግን አንባቢውን ያሳስታል፤ ምድር የአንዲት ፕላኔት መጠሪያ ስም ነውና። ስለዚህ «የማርስ ገጽ»፣ «የቬነስ ገጽ» ማለት ይበቃል፤ «ገጸ ምድር» ለምድር ይቀመጥ። በዚሁ መንገድ «ርእደ መሬት» ለመሬት ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ማርስ ላይ ያረፈችው ኢንሳይት የመዘገበችው መንቀጥቀጥ «ርእደ ማርስ» ሊባል ይችላል።

ሐ. ከባቢ አየር

ምድርን ከማርስ ካስወጣን አየርንስ ለምን አናስወጣም? የማርስ ከባቢ 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱም ከምድር ከባቢ ግፊት አንድ በመቶ አይሞላም። የቬነስ ደግሞ ከምድር 90 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ግፊት አለው። ሁለቱም የማይተነፈሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ምድር የአንድ አካል መጠሪያ ሲሆን አየር የነገር ዓይነት መጠሪያ ነው፤ የዓይነት ስም ሊሰፋ ይችላል፤ የተጸውዖ ስም ግን ሲሰፋ ያደናግራል። ስለዚህ «ከባቢ አየር» ለሁሉም ፕላኔቶች እንዲያገለግል እንደግፋለን።

መ. ጎድጓዳ

ነገሌን የመሰሉት የማርስ ስፍራዎች የተፈጠሩት ከሰማይ የወረደ አካል ገጹን ሲመታ ነው። «እሳተ ገሞራ አፍ» የሚለው የቈየ አጠራር ለእነርሱ አይሆንም። ለማነጻጸሪያ የሚሆነን ከሜጋ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ኤል ሶድ ነው። በአማርኛ ጨው ቤት የሚሉት ይህ ስፍራ በጠፋ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ ሰዎች ከሥሩ ካለው ሐይቅ ጥቁር የጨው ጭቃ እየጠለቁ ያወጣሉ፤ በአህያም ያጓጕዛሉ። ቅርጹ ከማርሱ ሜጋ ጋር ይመሳሰላል፤ መነሻው ግን ይለያል። «ጉድጓድ» እንዳንል ደግሞ በቦረና ጉድጓድ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሰዎች ተደርድረው እየተቀባበሉ ውሃ የሚያወጡበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። የግሪኩ ቃል መነሻ የወይን መቀላቀያ ሳሕን ነበር፤ እኛም «ጎድጓዳ ሳሕን» እንላለን። ስለዚህ የወል ስሙ «ጎድጓዳ» ሆኖ፣ «የግጭት ጎድጓዳ» እና «የገሞራ ጎድጓዳ» ተብሎ ቢለይ ቅርጹም መነሻውም ይገለጣል።

ሠ. ቅኝትና ልምላሜ

ማሪነር 9 ማርስን መዞር በጀመረችበት በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ 1964 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዋ ላንድሳት ምድርን ልትቃኝ ተላከች። ምድርም ዐለታማ ፕላኔት ናትና ጥበቡ አንድ ነው። ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አስወነጨፈች። ይህን ሙያ «የርቀት ቅኝት» ማለት የተስማማ ነው። ቃኘ ማለት አስቀድሞ ሄዶ አይቶ ወሬ ማምጣት ነው፤ አርብቶ አደሩም መንጋውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ሣርና ውሃ የሚያይ ቃኚ ይልካል።

ሳተላይቷ ግን እንደ ሰው ቃኚ ሣር አታይም፤ ብርሃን ትለካለች። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ታሕተ ቀዩን ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር የዕፅዋትን ልምላሜ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የከብት መድን በዚህ ዓይነት ቍጥር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ካሳ የሚታሰበው የሞተው ከብት ተቈጥሮ ሳይሆን ልምላሜው ከተወሰነው ወለል ሲወርድ ነው።

ተርጓሚው ይህን ቍጥር «የግጦሽ አመልካች» ቢለው ለጆሮ ይጥማል፤ ግን ሐሰት ይሆናል። በቦረና የግራር ቍጥቋጦ ብዙ የሣር ምድር ወርሷል። ቍጥቋጦው ሲለመልም ቍጥሩ ከፍ ይላል፤ ላሟ ግን የምትግጠው ሣር የላትም። «ግጦሽ» የሚል ውል የፈረመ ሰው በረቱ ባዶ ሆኖ ካሳ ሲከለከል ተታለልሁ ቢል አይፈረድበትም። «የዕፅዋት ልምላሜ አመልካች» የሚለው ረዘም ቢልም የሚለካውን ነገር ብቻ ይናገራል።

ረ. የወቅት ስም

የውሉ ዘመን የሚቈጠረው በዝናብ ወቅት ነውና ሌላ ወጥመድ እዚህ አለ። «ጋና» የሚለው የኦሮምኛ ቃል በሰሜኑና በመካከለኛው አገር ከክረምት ጋር ይገጥማል። በቦረና ግን ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናብ ሲሆን፣ ሀገያ የመስከረምና የጥቅምት አካባቢ አጭሩ ዝናብ ነው። አዲስ አበባ ክረምት በምትልበት ጊዜ ቦረና ደረቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናባቸው ሳይበቃ ሲያልፍ፣ የጐደሉት እነዚህ ጋናና ሀገያ ነበሩ። «ክረምቱ ቀረ» ተብሎ የተተረጐመ ማስጠንቀቂያ ወሩንም ስፍራውንም ያሳስታል። ስለዚህ ጋናና ሀገያ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥም እንዳሉ እንዲጻፉ፣ ወራታቸውም አብሮ እንዲጠቀስ እናሳስባለን።

ባጭሩ፣ ምህዋርን ከዛቢያ፣ ገጽን ከገጸ ምድር፣ የግጭት ጎድጓዳን ከገሞራ ጎድጓዳ፣ ልምላሜን ከግጦሽ፣ ጋናን ከክረምት መለየት ያስፈልጋል። በማርስ ላይ የተሳሳተ ቃል የሚጐዳው የመምህሩን ማብራሪያ ነው፤ በቦረና ላይ የተሳሳተ ቃል ግን የሰውን ከብት ይነካል። የስያሜ ሥራ ለሁለቱም በአንድ ሚዛን መሠራት ይኖርበታል።