ግርሻ፤ ካባውን እየለወጠ የሚመለስ በሽታ



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ሕመሙን ስለሚሸሽግ ሰው ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ራሱን ስለሚሸሽግ በሽታ ይሆናል። ይኸውም በአገራችን ለረጅም ዘመን የታወቀውና ሕዝቡ «ግርሻ» እያለ የሚጠራው ትኩሳት ነው።

የበሽታው ምክንያት ቦሬሊያ የተባለ፥ በዓይን የማይታይ፥ እንደ ሽቦ ጥቅልል የተጠማዘዘ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ኦቶ ኦበርማየር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ከበሽተኞች ደም ውስጥ በአጉሊ መነጽር ተመለከቱት። ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግረው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው ቅማል ነው። ሰውየው ሲያክ ቅማሉን በጨፈለቀው ጊዜ፥ ከቅማሉ ገላ የወጣው ተሕዋስ በተጫረው ቆዳ በኩል ይገባል።

ሰውነታችን ግን ያለ ዘበኛ የተተወ ቤት አይደለም። ባዕድ ነገር ወደ ደም በገባ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት የጠላትን መልክ ለይተው፥ ለዚያ መልክ ብቻ የሚስማማ አንቲቦዲ የተባለ መከላከያ ያዘጋጃሉ። በሽተኛው ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ያህል በብርቱ ትኩሳት ከነደደ በኋላ አንቲቦዲው ይበረታል፤ ተሕዋሱም ከደሙ ይጠፋል፤ ትኩሳቱም በድንገት ይለቅና በሽተኛው በላብ ይጠመቃል።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ አላለቀም። ቦሬሊያ ገላውን የሚሸፍንበት የፕሮቲን ካባ አለው፤ አንቲቦዲውም የሚያውቀው ይህን ካባ ነው። ተሕዋሱ ግን በዘረ መሉ ውስጥ የልዩ ልዩ ካባዎችን ንድፍ በመጠባበቂያነት ይዞ ይኖራል። በሚራባበት ጊዜ ጥቂቶቹ ንድፉን ለውጠው አዲስ ካባ ለብሰው ይገኛሉ። አሮጌውን ካባ የለበሱት ሲያልቁ፥ እነዚህ ጥቂቶች ሳይታወቁ ያመልጣሉ። ከዚህም በላይ ቦሬሊያ የሰውየውን የራሱን የደም ፕሮቲን በገላው ላይ ስለሚለጥፍ፥ ሌላው የደም መከላከያ የገዛ ወገኑ መስሎት ያልፈዋል።

ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ አዲሶቹ በዝተው ትኩሳቱ ያገረሻል። ሰውነትም አዲሱን ካባ ለማወቅ ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

እጅግ የሚያሳስበው ያ የመካከሉ ሳምንት ነው። በሽተኛው «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከብዙዎች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ያድራል፤ ልብሱንም አይለውጥም። ካልታከሙት በሽተኞች ከመቶው ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ እንደሚችሉ፥ በሕክምና ግን ቁጥሩ ከ2 እስከ 5 እንደሚወርድ የጤና ሊቃውንት ይገልጻሉ። ስለዚህ የትኩሳት መልቀቅ የመዳን ምስክር አይደለም።

በሽታው በፔኒሲሊንና በቴትራሳይክሊን ይድናል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ተሕዋሱ በብዛት ሲሞት ብርቱ እንቅጥቅጥና ትኩሳት ሊነሣ ይችላል። በዚህም ጊዜ ሰው ሊሞት ስለሚችል፥ ሕክምናው ሐኪም በቅርብ በሚገኝበት ስፍራ እንጂ በቤት መሆን የለበትም።

ለሕዝብ የሚሰጥ ክትባት ስለሌለው ዋናው መከላከያ ንጽሕና ነው። ልብስን በጣም በሞቀ ውሃ ማጠብና ስፌቱን በካውያ መተኮስ ቅማሉን ከነእንቁላሉ ያጠፋል። ቅማል የስንፍና ሳይሆን የድኽነትና የመጨናነቅ ውጤት ስለሆነ፥ ባለቤቱን ማፌዝ ሕመሙን እንዲደብቅ ማድረግ ነው። የወኅኒ ቤት፥ የመጠለያ ወይም የሠራተኞች ማደሪያ ኃላፊነት የተሰጠን ሁሉ፥ ለውሃ፥ ለሳሙናና ለቅያሪ ልብስ የምንፈርመው ወረቀት ከመድኃኒት ማዘዣ የማይተናነስ መሆኑን እናስብ። በቢሯችን ደጃፍ የሚያድረው ዘበኛ «ትኩሳቱ ለቀቀኝ» ባለን ጊዜም፥ «እንኳን ለቀቀህ፤ ነገር ግን ተመርመር» እንበለው።