የኬሎግ ብር፦ ከማዕድን ገበታ ማን ቀድሞ ይበላል? ዕዳውንስ ማን ይከፍላል?



ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሲያትል የሚኖር፣ ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ኢንተርስቴት 90ን ይዤ ወደ ምሥራቅ ስሄድ ኬሎግ በምትባል የአይዳሆ ከተማ አልፋለሁ። እዚያ ድሮ የተዘጋ የብር ማዕድን ሊከፈት ነው ይላሉ። አክሲዮኑ በሳንቲም የሚሸጥ ነው፤ የብር ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ዕቁቤ ወጥቶልኛል። ልግባበት ወይስ ልተወው?» አለኝ።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በ2025 የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ከ50 ዶላር ካለፈ ወዲህ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ስለ ማዕድን አክሲዮን የማያወራ ሰው ጥቂት ነው። እኔ የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም፤ ግዙ ወይም አትግዙ የማለት ሥልጣንም የለኝም። ሆኖም የዚህ ማዕድን ታሪክ በአደባባይ የተጻፈ ነው። ያን ታሪክ ሳያነብ ገንዘቡን የሚያስገባ ሰው የሚገዛውን ነገር አያውቀውም። ስለዚህ ለወዳጄ በስልክ ያልጨረስኩለትን መልስ እዚህ አስፍሬዋለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አህያውና ክሱ

ኬሎግ ከሲያትል 350 ማይል ያህል ትርቃለች። በ1885 ኖዋ ኬሎግ የሚባል አናጢ፣ ሁለት ሰዎች ስንቅና አህያ ሰጥተውት ወርቅ ፍለጋ ወደዚያ ተራራ ወጣ። የአካባቢው ተረት እንደሚለው አህያው ጠፋበትና ሲፈልገው የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ አገኘው። ድንጋዩ ብር ያዘለ እርሳስ ነበር። ኬሎግ ስንቅ የሰጡትን ሰዎች ከድርሻው ሊያወጣቸው ሲሞክር ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም ድርሻ ፈረደላቸው። በንከር ሂል የተባለው ማዕድን የተወለደው እንግዲህ በድርሻ ክርክር ነው።

ክርክሩም በዚያ አላበቃም። በ1899 ኩባንያው የሠራተኛ ማኅበር አባላትን አልቀበልም በማለቱ የተቆጡ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ ባቡር ቀምተው መጥተው የማዕድን መፍጫውን በዲናማይት አፈረሱት። መንግሥት ጦር ላከ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለፍርድ ሳይቀርቡ በአጥር ውስጥ ታጎሩ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ወደ ደዴሳ የተጋዙትን ወጣቶች የምናስታውስ ሰዎች፣ ይህ በአሜሪካ ምድር መሆኑ ሊያስገርመን ይችል ይሆናል እንጂ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም።

ከዚያ በኋላ ሀብቱ ፈሰሰ። ከ1885 እስከ 1981 ባለው ጊዜ ውስጥ ከዚህ አንድ ማዕድን ከ160 ሚሊዮን አውንስ በላይ ብር፣ በሚሊዮን ቶን የሚቆጠር እርሳስና ዚንክ ወጥቷል። በ1917 የእርሳስ ማቅለጫ፣ በ1928 ደግሞ የዚንክ ፋብሪካ ተከፈተ። ከተማዋ በሙሉ በእሱ ትበላ ነበር።

የ1973ቱ ጭስ

በ1968 ጋልፍ ሪሶርስስ የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ በንከር ሂልን ገዛው። በሴፕቴምበር 1973 የማቅለጫው የጭስ ማጣሪያ ክፍል በእሳት ተቃጠለ። አስተዋይ ሰው ማጣሪያው እስኪጠገን ምድጃውን ያቆማል። ማቅለጫው ግን አልቆመም፤ በእርሳስ የተሞላው ጭስ ለወራት በከተማዋ ላይ ወረደ።

በ1974 ሕፃናቱ ተመረመሩ። ከማቅለጫው በአንድ ማይል ክልል ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት ልጆች መካከል ከሞላ ጎደል የሁሉም ደም በአንድ ዴሲሊትር ከ40 ማይክሮግራም በላይ እርሳስ ነበረበት። ዛሬ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት አንድን ልጅ ለክትትል የሚመዘግቡት 3.5 ሲደርስ ነው! እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይድንም።

ከዚህ የባሰው በኋላ በፍርድ ቤት የወጣው ወረቀት ነው። አንድ የኩባንያው ኃላፊ በማስታወሻው ላይ፣ በቴክሳስ ኤል ፓሶ ተመሳሳይ ጉዳት ለደረሰባቸው ልጆች የተከፈለውን መነሻ አድርጎ፣ 500 ልጆች ቢመረዙ ኩባንያው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል አስልቶ ነበር። ስሌቱ 6 እና 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። ልብ በሉ ወገኖቼ! የልጅ አእምሮ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ አንድ ወጪ ተጻፈ።

በ1981 ኩባንያው ማዕድኑንም ማቅለጫውንም ዘጋ። 2,000 ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሥራ አጣ። በ1983 የፌዴራሉ መንግሥት 21 ስኩዌር ማይል መሬት ሱፐርፈንድ በተባለው የብክለት ጽዳት ዝርዝር ውስጥ አስገባ። በ1993 የጋልፍ ሪሶርስስ ወራሽ ኩባንያ መክሰሩን አወጀ። ታዲያ የጽዳቱን ወጪ በአብዛኛው ማን ከፈለው? ግብር ከፋዩ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ግቢዎች አፈራቸው ተዝቆ በንጹሕ አፈር ተተካ። ረጃጅሞቹ ጭስ ማውጫዎች በ1996 በፈንጂ ፈረሱ።

ይህ የሩቅ አገር ተረት እንዳይመስለን። በእኛው ደጃፍ፣ ታኮማ የነበረው የአሳርኮ ማቅለጫ በ1985 እስኪዘጋ ድረስ አርሴኒክና እርሳስ ሲተፋ ኖሮ፣ ኪንግ ካውንቲን ጨምሮ 1,000 ስኩዌር ማይል ያህል መሬት ላይ ጥሎት ሄዷል። ልጆቻችን የሚጫወቱበት አፈር ከዚያ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አሁን የመጣው ኩባንያ

በንከር ሂል ማይኒንግ የተባለው የዛሬው ኩባንያ ከጋልፍ ሪሶርስስ ጋር ዝምድና የለውም። ማዕድኑን በ2017 ተከራይቶ በ2022 መጀመሪያ ገዛው። ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገር መባል አለበት። አንደኛ፣ ኬሎግ ውስጥ ማቅለጥ ቀርቷል፤ ዕቅዱ ድንጋዩን ፈጭቶና ለይቶ ቴክ በተባለው የካናዳ ኩባንያ አማካይነት ትሬል ወደሚገኘው ማቅለጫ መላክ ነው። ስለዚህ የ1973ቱ ዓይነት ጭስ አይደገምም። ሁለተኛ፣ የማዕድኑ ዋሻ የሚያፈሰውን አሲድ የተቀላቀለበት ውኃ በሚመለከት፣ ኩባንያው ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ጋር በ2018 ስምምነት ፈርሞ፣ ቀደም ሲል ለወጣው ወጪ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ቃል ገብቷል። ያን ውኃ ግን ማዕድኑ ቢሠራም ባይሠራም ማጣራት የግድ ነው። ተራራው አንዴ ከተቦረቦረ ማልቀሱን አያቆምም።

«የብር ማዕድን» የሚለው ስምም ሰውን ያሳስታል። በ2022 በወጣው የኩባንያው ጥናት መሠረት ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዚንክ ነው፤ እርሳስና ብር ከኋላ ይከተላሉ። ብር 50 ዶላር ገባ ብሎ የሚሮጥ ሰው ሳያውቀው ዚንክ እየገዛ ነው ማለት ነው። ያው ጥናት ዕቅዱን ያወጣው በቀን 1,800 ቶን ለማምረት፣ ለመነሻው አምስት ዓመት ነው። ምርት የሚጀመርበት ጊዜም ሲገፋ ቆይቷል፤ መጀመሪያ 2023 ተብሎ ነበር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 2026 የመጀመሪያ አጋማሽ ተላለፈ። የማዕድን ሥራ ስለሆነ መዘግየቱ ብርቅ አይደለም። በዘገየ ቁጥር ግን ገንዘብ ይበላል። ገቢ የሌለው ኩባንያ ያን ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ሰልፉ

መልሱ ሁለት ነው፤ ይበደራል፣ ወይም አዲስ አክሲዮን ያትማል። ለወዳጄ በዕቁብ ቋንቋ እንዲህ አልኩት። ኩባንያው 100,000 አክሲዮን ቢኖረውና አንተ 1,000 ብትይዝ፣ ከመቶ አንድ እጅ ያንተ ነው። ገንዘብ ሲያጥረው 300,000 ተጨማሪ ቢሸጥ፣ ሳትሸጥ ሳትለውጥ ድርሻህ ሩብ እጅ ሆነ። ዳቦው ያው ነው፤ ቆራሹ በዛ። «አክሲዮኑ በሳንቲም ነው» ማለት ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ ቆራሹ ብዙ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። በንከር ሂልም በ2025 ዕዳውን እንደገና ሲያዋቅር አበዳሪዎቹ ዕዳቸውን በከፊል ወደ አክሲዮን ስለለወጡ የአክሲዮኑ ቁጥር እጅግ ጨምሯል።

ብድሩ ደግሞ ሰልፉን ያረዝመዋል። ስፕሮት የተባለው የገንዘብ ድርጅት በ2021 መጨረሻ ለዚህ ማዕድን የ50 ሚሊዮን ዶላር ጥቅል አዘጋጅቶ ነበር። እንዲህ ያለ አበዳሪ ገንዘቡን የሚሰጠው ንብረቱን መያዣ አድርጎ፣ ወይም ወደፊት ከሚወጣው ማዕድን አስቀድሞ ድርሻ ቆርጦ ነው። አንድ ማዕድን ሲከስር መያዣ ያለው አበዳሪ ንብረቱን ይወስዳል፣ ሠራተኛውና ግብር ሰብሳቢው በሕጉ ተራ ይጠይቃሉ፣ ሌላው አበዳሪ ይከተላል። ተራ ባለአክሲዮን ከሰልፉ መጨረሻ ነው። ወጥ ድስቱ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ለዚህ ምሳሌው እዚያው ሸለቆ ውስጥ አለ። ከኬሎግ አጠገብ የሚገኘው ሰንሻይን ማዕድን በ1972 በደረሰበት ቃጠሎ 91 ሠራተኞች ያለቁበት፣ ስሙ የገነነ የብር ማዕድን ነው። ከተዘጋ በኋላ ስተርሊንግ ማይኒንግ የተባለ ትንሽ ኩባንያ በ2003 ተከራይቶ፣ በ2007 መጨረሻ ምርት ጀመረ። በ2008 የብር ዋጋ ከ20 ዶላር ወደ 9 ዶላር ገደማ ወረደ። ማዕድኑ ዓመት ሳይሞላው ቆመ፤ ኩባንያው በ2009 ኪሳራ አወጀ፤ በ2010 ማዕድኑ በጨረታ በ24 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ ሰው ተሸጠ። ብሩ ከተራራው ውስጥ አልጠፋም። ባለቤቱ ብቻ ተለወጠ።

እኛስ አገር?

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ወረቀቱ በአደባባይ ስላለ ነው። የልጆቹን ዋጋ ያሰላው ማስታወሻ እንኳ በፍርድ ቤት ወጥቷል። ሔክላ የተባለው የዚያው ሸለቆ ኩባንያ በ2011 ለጽዳቱ 263.4 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው ከሳሽ፣ ዳኛና መዝገብ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ጉጂ፣ ወደ ሻኪሶ እንሂድ። የለገደንቢ ወርቅ በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ነዋሪዎች ልጆች አካላቸው ተጎድቶ እየተወለዱ ነው፣ ከብቶች እየሞቱ ነው ብለው ለዓመታት ጮኹ። በ2018 ፈቃዱ ለተጨማሪ አሥር ዓመት ሲታደስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ በግንቦት ወር ፈቃዱ ታገደ። በ2021 ማዕድኑ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 እንዳስታወቀው መንግሥት ስለ ብክለቱ የተደረጉትን ጥናቶች በይፋ አላወጣም። ልብ በሉ፤ የኬሎግ እናት የልጇን ደም ውጤት ታውቃለች፣ የሻኪሶ እናት ግን አታውቅም!

ይህ የአንድ መንግሥት ብቻ በሽታ አይደለም። ከማዕድን የሚገኝ ገቢ ግልጽ እንዲሆን የሚሠራው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ኢ.አይ.ቲ.አይ፣ በ2010 የኢትዮጵያን ማመልከቻ ያልተቀበለው የ2009ኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሕግ ሲቪል ማኅበራትን አንቆ ስለያዘ ነበር። በ2014 በዕጩነት ተቀበላት። ሕጉም በ2019 ተለወጠ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሕግ ተለወጠ፤ የለገደንቢ ጥናት ግን እስከ 2023 ድረስ አልወጣም ነበር። የውጭ ባለሀብቱም ቢሆን በዚህ ጨለማ አይጠቀምም። የዳሎልን ፖታሽ የያዘውን አላና የተባለ የካናዳ ኩባንያ በ2015 የገዛው የእስራኤሉ አይ.ሲ.ኤል፣ በግብር ክርክርና በመሠረተ ልማት እጦት በ2016 ጥሎ ወጥቷል።

ለወዳጄ

እንግዲህ ለወዳጄ የምለው ይህን ነው። ከመግዛትህ በፊት ኤድጋር ወደሚባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማህደር ግባና የኩባንያውን ዓመታዊ ሪፖርት አውጣ፤ ነፃ ነው። ሦስት ነገር ፈልግ። ከአንተ በፊት የተሰለፈው ማን ነው፣ ስንትስ ይጠይቃል? ባለፉት ሦስት ዓመታት የአክሲዮኑ ቁጥር በስንት እጥፍ ጨመረ? ማዕድኑ ነገ ቢዘጋ ውኃውን የሚያጣራው ማን ነው፣ ገንዘቡስ ተቀምጧል? ሪፖርቱ ውስጥ ኩባንያው በሥራ ላይ መቀጠል መቻሉ «ከፍተኛ ጥርጣሬ» እንዳለበት የሚገልጽ አንቀጽ ካገኘህ፣ ሁለት ጊዜ አንብበው። ይህን ሁሉ አንብበህ «ቢጠፋም አይጎዳኝም» የምትለው ገንዘብ ካለህ፣ ውሳኔው የራስህ ነው። የዕቁብ ገንዘብ ግን እንደዚያ ዓይነት ገንዘብ አይመስለኝም።

ለሁላችንም ደግሞ አንድ ነገር። የዳያስፖራው ገንዘብ አገር ቤት በሚፈለግበት ጊዜ ሁሉ፣ ማዕድንም ይሁን ቦንድ፣ ኬሎግ ላይ የምንጠይቀውን ጥያቄ እዚያም እንጠይቅ። ሰልፉን አሳዩን፤ ጥናቱን አውጡ፤ የልጆቹ ደም ውጤት የት ነው? በሰው አገር ለአንድ ሺህ ዶላር የምናደርገውን ጥንቃቄ፣ ለገዛ ወገናችን ልጆች መንፈግ አይገባም።

ቸር ይግጠመን።