ኮሮና፣ ነፍሰ ጡርና የእንግዴ ልጅ

ኮሮና በገባ ሰሞን ነፍሰ ጡሮችን ያስጨነቃቸው ጥያቄ “ቫይረሱ ወደ ልጄ ይተላለፋል ወይ?” የሚል ነበር። መልሱ በአብዛኛው የሚያጽናና ሆነ፤ በማሕፀን ውስጥ መተላለፉ እምብዛም ነው። ልጁን የጎዳው ግን በእናቱ በኩል የመጣው ነው።

እርግዝና ሲገፋ ማሕፀን ድያፍራምን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ) ወደ ላይ ስለሚገፋው ሳንባ እንደ ልቡ አይሰፋም። በዚያው ጊዜ የእናቲቱ የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል፤ ደሟም ለመርጋት ይቀርባል። በዚህ ላይ የሳንባ ምች ሲታከልበት አቅሟ ቶሎ ይሟጠጣል። ይህ የኮሮና ብቻ ጠባይ አይደለም። እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው በ1918 (እ.ኤ.አ.) ኢንፍሉዌንዛ፣ አሜሪካ ውስጥ ከተመዘገቡ 1,350 የታመሙ ነፍሰ ጡሮች 27 በመቶው ሞተዋል።

በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የ18 አገሮች ጥናት ልዩነቱን ያሳያል፦ ኮሮና ከያዛቸው 706 ነፍሰ ጡሮች 11 ሲሞቱ፣ ካልያዛቸው 1,424 የሞተችው አንዲት ብቻ ናት። በታመሙት ዘንድ ያለጊዜው መውለድና ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው የእርግዝና መመረዝም በዝቶ ታየ።

የእንግዴ ልጅስ? ቫይረሱ አንዳንዴ ያስቆጣዋል፤ ያን ጊዜ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል። በአሜሪካ መረጃ መሠረት፣ ዴልታ የተባለው ዝርያ በተስፋፋ ጊዜ በሽታው ከነበረባቸው ከ1,000 ወላዶች የ27ቱ ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ ከሌሎቹ ግን የ6ቱ ብቻ።

ሌላው ጉዳት ከቫይረሱ የመጣ እንኳ አይደለም፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ነው። ኔፓል በ2020 (እ.ኤ.አ.) እንቅስቃሴ ስታግድ በዘጠኝ ሆስፒታሎች የሚወልዱት እናቶች በግማሽ ቀነሱ። ከ1,000 ወሊድ 14 የነበረው ሞቶ መወለድ 21 ደረሰ፤ በ1,000 አራሶች 13 የነበረው ሞትም ወደ 40 አሻቀበ። በምጥ ሰዓት የፅንሱን የልብ ምት መከታተል ቀንሶ ነበር። የባለሙያዎቹ እጅ መታጠብ ግን ተሻሽሏል! የቫይረሱ ፍርሃት ለንጽሕና ጠቅሞ፣ የፅንሱን ልብ ማዳመጡን አሳነሰ።

በየቦታው አራስን ከታመመች እናቱ የመለየት ልማድም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ሌላ ነው፦ እናትየዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ ልጇን ታቅፈው፣ ጡት ታጥባው። የጡት ወተት ሕመሙን ያስተላልፋል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ደግሞ የእናቱ ገላ ሙቀት ሕይወት ነው።

ክትባቱን በተመለከተ፣ የስኮትላንድ መዝገብ እስከ ጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ኮሮና ይዟቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ነፍሰ ጡሮች 98 በመቶው ያልተከተቡ እንደነበሩ ያሳያል። የተከተበች እናት የመከላከያ አቅሟን በእንግዴ ልጅ በኩል ለልጇም ታካፍለዋለች።

ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም ትንፋሽ ካጠረ፣ ራስ ክፉኛ ካመመ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ደም ከፈሰሰ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የቀጠሮውን ቀን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።