ሲጠሩት የማይዞር ልጅ

እነሆ ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብና መጻፍ ጀምራችኋል። ዛሬ በዚሁ ችሎታችሁ እድገቱ የዘገየ ልጅን እንዴት እንደምትረዱ እንነጋገራለን። በሬዲዮ ያመለጣችሁን ከዚህ ወረቀት ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

እኔ በሲሪንቃ መምህር ነኝ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪያችን ሦስት ዓመት የሞላው ልጅዋን ይዛ መጣች። ልጁ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። አፉን አልፈታም። ቆርኪ እየደረደረ ብቻውን ይውላል። ከጎረቤት ግማሹ «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ግማሹ «አባቱም የተናገረው ዘግይቶ ነው፤ ዝም በይው» ይላል። «መምህር፣ ልጄ ምን ሆነብኝ?» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «እህቴ፣ ማሽላሽ ቢጫ ቢሆን ምን ታደርጊያለሽ?» «ባለሙያ እጠይቃለሁ» አለች። እውነትዋን ነው። የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ በሲሪንቃ አለ። ባለሙያው በግምት አይናገርም። መቼ ተዘራ? መሬቱ ምን ዓይነት ነው? ቢጫው ከየት ጀመረ? ብሎ ይጠይቃል። ታዲያ ለማሽላ የምናደርገውን ለልጃችን እንዴት እናጣለታለን?

ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን እንይ።

አንደኛ፣ ጆሮው አይሰማ ይሆናል። ሲወለድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ማጅራት ገትር ያለ በሽታ ጎድቶት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የአእምሮው እድገት በጠቅላላው ዘግይቶ ይሆናል። ለምሳሌ ምጥ ሲጠና ሕፃኑ አየር ሊያጥረው ይችላል፤ ይህም አእምሮን ሊጎዳ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ኦቲዝም ይሆናል። ኦቲዝም አእምሮ ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ ነው። እርግማን አይደለም። የእናት ጥፋት አይደለም። ክትባትም አያመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም ነበረበት።

ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። እርዳታቸው ግን ለየብቻ ነው። ለማይሰማ ልጅ የምልክት ቋንቋ ወይም የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ በትዕግሥት የሚሰጥ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል። የችግሩን ስም ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋቸው ይሆናል። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። በአዲስ አበባ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ። በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ልጃቸውን አልደበቁትም፤ በአደባባይ ስለ እርሱ ተናገሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም ሥራቸው ለብዙ እናቶች ድፍረት ሰጥቷል።

እንግዲህ ደብተራችሁን አውጡ። ሐኪም ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እናንተ ግን ቀንና ሌሊት ታዩታላችሁ። ያያችሁትን ከነቀኑ ጻፉ።

ሲወለድ ወዲያው አለቀሰ? መቼ ተቀመጠ? መቼ ሄደ? ትኩሳት ወይም ማንዘፍዘፍ ነበረበት? ዓይን ለዓይን ያያል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል?

ይህንንም አስታውሱ። ልጅ ዓመት ሲሞላው ስሙን ሲሰማ ይዞራል። በዓመት ተኩል ጥቂት ቃል ይናገራል። በሁለት ዓመት «እማ ውኃ» ብሎ ሁለት ቃል ያገናኛል። ይህ ከዘገየ አትጠብቁ። የሚናገረውን ቃል መልሶ ካጣ ደግሞ አንድ ቀንም አትደሩ።

መጀመሪያ ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወረቀት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። አዲስ አበባ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከእርሱ አትጀምሩ። እስከዚያ መድረስ ካስፈለገ በየካቲት 12ና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበል መውሰድ ወይም ዱዓ ማስደረግ የእምነታችሁ ነው፤ ሐኪም ቤት መሄድን ግን አያስቀር።

ሐኪሙ «ገና አልታወቀም» ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። «መቼ እንመለስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን ጻፉ። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ቦታ አኑሩ።

ያች እናት ምን እንደ ጻፈች ልንገራችሁ? «ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮውን ይይዛል» ብላ ጻፈች። ሐኪሙ ይህን ሲያነብ ቀና አለ። ልጁ ድምፅ ይሰማል ማለት ነው። ያም ሆኖ ጆሮው እንዲመረመር አዘዘ፤ ለቀሪው ምርመራም ቀጠሮ ሰጣት። የልጁ ችግር ስሙ ገና አልታወቀም። ግን ዛሬ እናቱ በግምት አትጓዝም። ያን አንድ መስመር የጻፈችው ባለፈው ዓመት ፊደል ባልለየ እጅዋ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ አንድ መስመር ጻፉ። ደህና ሁኑ።