ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ወይስ ከሆዱ?

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ተረቱ ለመሪዎች የተተረተ ስለሆነ አንከራከርበትም። የእውነተኛውን ዓሣ ነገር ግን ባለፈው የእረፍት ጊዜ ሰቆጣ፣ አክስቴ ቤት አየሁት። አክስቴ ጠዋት ከነሆድ ዕቃው የገዛችውን ቆሮሶ «ማታ እንሠራዋለን» ብላ አስቀመጠችው። ማታ ሆዱ ተነፍቶ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ዓሣው ተጣለ፤ ብሩም አብሮ ተጣለ።

ዓሣ ለዋግ ኽምራ አዲስ እንጀራ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ ሞቃታማው ሸለቆ ሐይቅ ሆነ። በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎችም መረብ የሚጥሉ ወጣቶች መጡ። ስለዚህ አንድ ዓሣ ሲበላሽ የአንድ ሰው ድካም ይበላሻል ማለት ነው።

ለመሆኑ በቆሮሶ ሆድ ውስጥ ምን አለ? ቆሮሶ በብዛት የሚበላው አልጌ ነው። አልጌ ደግሞ በቀላሉ አይፈጭም። ለዚህም ጨጓራው ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል፤ ፒኤች የሚባለው መለኪያ እስከ 1.4 ይወርዳል። ይህ ከሎሚ ጭማቂ የበረታ ነው። የሚገርመው፣ አሲዱ ጠዋት ላይ ገና ደካማ ስለሆነ የመጀመሪያው ቁርስ ሳይፈጭ አረንጓዴ እንደሆነ ይወጣል። ቀጥሎ ያለው አንጀት ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል። እዚያ አሲዱ ስለሚቀንስ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ አንዳንዶቹም ምግቡን በመፍጨት ያግዛሉ።

ዓሣው በሕይወት እስካለ ድረስ የአንጀቱ ግድግዳ ባክቴሪያዎቹን ይዞ ያቆያቸዋል። ሲሞት ግን ምግብ ይፈጩ የነበሩት ኢንዛይሞች ራሱን አንጀቱን መፍጨት ይጀምራሉ። ያኔ ባክቴሪያዎቹ ወደ ሥጋው ይዘልቃሉ። በቆላ ሙቀት ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። በመተንፈሻው፣ ማለትም በስንጥቡ ላይ ያሉትም ያግዟቸዋል። ስንጥቡ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ነውና ተረቱም ጨርሶ አልተሳሳተም!

ባሕር ያላቸው አገሮች ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት እንስሳ ከነሆድ ዕቃው ስለሚበሉት፣ ከመሸጡ በፊት በንጹሕ ውኃ ውስጥ በሕይወት አቆይተው ሆዱን እንዲያጸዳ ያደርጉታል። የእኛ ዓሣ ገበያ የሚደርሰው ሞቶ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ቢላዋ ነው። እንደተያዘ አንጀቱን ሳይበጥሱ ማውጣት፣ ስንጥቡን መቁረጥ፣ በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም በረዶ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በረዶ ከሌለ በጨው አሽቶ ማድረቅ ነው።

አክስቴም ተምራለች። አሁን ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ሻጩን «ልጄ፣ ሆዱ የወጣለት የለህም?» ትለዋለች።