ከብራና እስከ ስልክ፦ የመጽሐፍ አማርኛ ጉዞ

የመጽሐፍ ቋንቋ የሚለወጠው በደራሲዎች ምርጫ ብቻ ሳይሆን፣ ጽሑፉ በሚሠራበት መሣሪያም ጭምር ነው። በብራና ዘመን ጸሓፊው ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ይጽፍ ስለነበር መጽሐፍ እጅግ ውድ ነበር፤ አብዛኛውም በግዕዝ የተጻፈ ሃይማኖታዊ ድርሰት ሲሆን፣ ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) ነበር።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ የወጣው መዝሙረ ዳዊት ቢሆንም፣ ኅትመት በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብርሃንና ሰላምን የመሳሰሉ ማተሚያ ቤቶች ሲስፋፉ አማርኛ የልብ ወለድና የጋዜጣ ቋንቋ ሆነ፤ ዓረፍተ ነገሩም ወደ ሕዝቡ አነጋገር ቀረበ።

የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ከ200 የሚበልጡትን ፊደላት በጥቂት ቁልፎች ማስተናገድ አስቸጋሪ ስለነበር፣ እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ባለሙያዎች ለመፍትሔው ደከሙ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደሉን ሲያካትት አማርኛ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ የሚሻገርበት መንገድ ተከፈተ። በጊዜ ሂደትም ሁለት ነጥብ ስፍራውን ለባዶ ቦታ ለቀቀ።

ዛሬ በአዲስ አበባ በሚገኘው በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ግዕዝ ከመጽሐፍ ይነበባል፤ በአካባቢው መንገዶች ደግሞ አማርኛ በስልክ ይጻፋል። ኮምፒውተር ግን በድምፅ አንድ የሆኑትን «ዓለም»ንና «አለም»ን በተለያየ ፊደል በመጻፋቸው እንደ ሁለት ቃላት ሊቆጥር ስለሚችል፣ አንዱን ሲፈልግ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አሳታሚዎችና መምህራን ወጥ አጻጻፍ ላይ ሊስማሙ ይገባል፤ ይህ ካልሆነ ትውልዱ የራሱን መጻሕፍት ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል።