መኪና የሚፈርምበት መዝገብ በላስታ መንገድ

ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም በይኩኖ አምላክ ዘመን ከዐለት እንደተፈለፈለች የሚነገርላት ቤተ ክርስቲያን ወዳለችበት ወደ ገነተ ማርያም እህል የሚያደርስ አይሱዙ፣ ከጭነቱ ጋር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ላኪው ይፈርማል፤ ሾፌሩ ይፈርማል፤ ተረካቢውም ቈጥሮ ይፈርማል። ይሁን እንጂ ሦስቱ ፊርማዎች ያሉበት ደረሰኝ በመጨረሻ የሚቀመጠው በአንድ ሰው መሳቢያ ስለሆነ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ መዝገቡን የያዘው ወገን ራሱ ተከራካሪ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የልማት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የርዳታ እህል ካሰብነው ሰው ሳይደርስ በሌላ መንገድ ሄዷል በማለት በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታቸውን አቋረጡ። እህሉ እንደገና በሰፊው መታደል የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። ያጠፋው ሌላ፣ የተራበው ሌላ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው መኪናው ራሱ እየፈረመ የጉዞውን ሒሳብ በብዙ እጅ ወደሚጠበቅ መዝገብ የሚያስገባበትን ዘዴና ዘዴው የሚያቆምበትን ወሰን ነው።

መዝገቡ ብሎክቼይን ይባላል። እያንዳንዱ አዲስ ገጽ የፊተኛውን ገጽ አኃዛዊ አሻራ፣ ማለት ሐሽ የሚሉትን፣ ይሸከማል። አሻራው ጽሑፉ አጭርም ሆነ ረጅም ሁልጊዜ 32 ባይት ነው፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ግን አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የቈየውን ገጽ የፋቀ ሰው ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁሉ መጻፍ ይኖርበታል፤ ያውም ቅጂው በብዙዎች ዘንድ ተቀምጦ ሳለ። አሳቡ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የመሬት ስጦታን በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ ከምስክሮች ስም ጋር መጻፍ የቈየ ልማድ ነው፤ በንጉሥ ላሊበላ ስም የተጻፈ የመሬት ስጦታም በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ይገኛል። ልዩነቱ ወንጌሉ አንድ ሲሆን፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ምስክር ሙሉ ቅጂ የሚይዝ መሆኑ ነው።

ፕሮግራም የሚሠራው ሰው ይህን ሁሉ ስሌት ከመጀመሪያ አንሥቶ አይጽፍም። ባለሙያዎች ኤስ.ዲ.ኬ. የሚሉት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የመሣሪያ ስብስብ አለ። ይህ ስብስብ ሁለት ተጓዳኝ ቁልፎችን ያወጣል፤ አንዱ ምስጢር ሆኖ በመኪናው ሣጥን ይቀራል፣ ሁለተኛው ለሁሉ ይታደላል። ከዚያ በኋላ ቃሉን አዘጋጅቶ በምስጢሩ ቁልፍ ይፈርማል፣ ወደ መዝገቡ ይልካል፣ መግባቱንም ያረጋግጣል። ሣጥኑ ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት በኩል የሞተሩን ነገር፣ ከጂ.ፒ.ኤስ. ደግሞ ቦታውንና ሰዓቱን ይቀበላል። በ2011 ዓ.ም. ጃጓር ላንድ ሮቨር በአየርላንድ ሻነን ከተማ የሞከረው ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ መኪናው የመንገዱን ብልሽት ሲያመለክት አዮታ በሚባለው መዝገብ ገንዘብ ይከፈለው ነበር። (የላስታ መንገድ ብልሽት በዚህ ዐይነት ቢከፈልበት ሾፌሮቻችን በአንድ ክረምት ይከብሩ ነበር።)

በላስታ ግን ፈተናው ሌላ ነው፤ እርሱም የኔትወርክ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ደግነቱ ለመፈረም ኔትወርክ አያስፈልግም፤ ጂ.ፒ.ኤስ.ም የሚሠራው ያለ ስልክ ማማ ነው። መኪናው በገደሉ መካከል ፈርሞ ኔትወርክ ሲያገኝ ሊልክ ይችላል።

ነገር ግን የመሣሪያው ምርጫ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በኢተሪየም መዝገብ የአንድ ሒሳብ ባለቤት ጽሑፎች ተራ ቁጥር አላቸው፤ 7ኛው ጠፍቶ እንደሆነ 8ኛው ደርሶም ይጠብቃል እንጂ አይመዘገብም። በካርዳኖ ደግሞ ጽሑፉ የማብቂያ ጊዜ ሊቈረጥለት ይችላል፤ ከዚያ ዘግይቶ የደረሰው ይወድቃል። ሁለቱም የተሠሩት መስመሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው።

የሚሻለው መንገድ መኪናው የጉዞውን ቃል ብቻ እንዲፈርም አድርጎ፣ ወደ መዝገቡ ማስገባቱን ኔትወርክ ባለበት ለሚገኝ አድራሽ መተው ይመስለኛል። አድራሹ ሊያዘገየው ይችላል፤ ፊርማው ሳይበላሽ ሊለውጠው ግን አይችልም። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስልክ ብቻ ቢሠራም መላ አለ። አንድ አጭር የስልክ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። የቃሉ አሻራ 32፣ ፊርማው 64፣ በድምሩ 96 ባይት ነው፤ የቀረው 44 ባይት ለመኪናው መለያና ለተራ ቁጥሩ ይበቃል። ዝርዝሩ ከሳምንት በኋላ ሲደርስ ቀድሞ ከተመዘገበው አሻራ ጋር ይመሳከራል።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን መዝገቡ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው እንጂ እውነቱን አይደለም። መኪናው በስንት ሰዓት ጋሸና እንደደረሰና የት እንደቆመ ያውቃል፤ የጫነው 50 ኩንታል ይሁን 43 አያውቅም። ሣጥኑም ተነቅሎ በሌላ መኪና ገነተ ማርያም ሊደርስ፣ እህሉ ግን ጋሸና ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የመኪናው ፊርማ ብቻውን ምስክር ሆኖ እንዳይቈጠር፣ እህሉን በሚዛን የተረከበው ሰው በራሱ ቁልፍ ካልፈረመበት ጉዞው ‹አልተዘጋም› ተብሎ እንዲጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል። መሣሪያዎቹ ይህን የሁለት ፊርማ ሥርዐት ይፈቅዳሉ፤ ብዙዎቹ የሙከራ ሥራዎች ግን በመኪናው ብልሃት ተደንቀው ተረካቢውን ይረሱታል።

አገራችን ለዚህ ጥበብ ሩቅ አይደለችም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖን የሠራው ኩባንያ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ መስማማታቸው ተገልጿል። በ2014 ዓ.ም. ግን ብሔራዊ ባንክ ሕጋዊው መገበያያ ብር መሆኑንና በምናባዊ ገንዘብ መክፈል ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በላስታ የሚታሰበው ገንዘብ የሌለበት፣ የታወቁ ጠባቂዎች ብቻ የሚይዙት መዝገብ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በዮርዳኖስ አዝራቅ ሰፈር ለስደተኞች የጀመረው መዝገብም ለሕዝብ ሁሉ ያልተከፈተ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲሆን ሲታዘዝ መኪናንና ሒሳብን ማገናኘት እንደሚቻል ታይቷል፤ የእህሉ መዝገብ የሚለየው የጠባቂዎቹ ቁጥር ከአንድ በላይ በመሆኑ ነው።

ጠባቂዎቹ ላኪው ድርጅት፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ የጭነት መኪናዎች ማኅበርና የቀበሌው ተረካቢ ኮሚቴ ቢሆኑ ጥቅማቸው የተለያየ ስለሆነ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ወጪው ብዙ አይደለም። በቀን 10 መኪና ቢገባና የእያንዳንዱ ጉዞ ቃል አንድ ሺህ ባይት ቢሆን፣ የዓመቱ መዝገብ አራት ሚሊዮን ባይት አይሞላም። ኔትወርክ በጠፋበት ወር የኮሚቴው ቅጂ በአንድ ፍላሽ ተጭኖ በገበያ ቀን ገነተ ማርያም ሊደርስ ይችላል፤ የሚያመጣውም በመዝገቡ ውስጥ ጉዞው የተጻፈበት ያው ሾፌር ቢሆን አይከለከልም።